ውሻ ለማምጣት ጅቡቲ ደርሶ መመለስ

ጅቡቲ በምሥራቅ በኩል ከአገራችን ጋር የምትዋሰን ትንሽ አገር ናት። ስሟን ያልሰማ የለም። ነዳጁ፣ ማዳበሪያው፣ የመኪናው ጎማ «ከጅቡቲ መጣ» ይባላል። ምን ትመስላለች ተብሎ ቢጠየቅ ግን ብዙ ሰው መልስ የለውም። እኔም ከካርታ ላይ በስተቀር አላውቃትም ነበር። ባለፈው ግንቦት ከአርብ እስከ እሑድ ሄጄ አየኋት። የሄድኩበት ጉዳይ ሁለት ነው። አንደኛው ጓደኛዬን ለመሰናበት፣ ሁለተኛው ውሻውን ለማምጣት ነው።

«ለውሻ ተብሎ ድንበር ይሻገራል ወይ?» የምትሉ አትጠፉም። እውነት ነው፣ ውሻ በአገራችን ሞልቷል። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። ጓደኛዬ ጅቡቲ ወደብ ላይ ከመርከብ የሚወርድ ጆንያ እየቆጠረ በመጻፍ ሦስት ዓመት ሠርቷል። ሦስቱንም ዓመት ብቻውን ነው የኖረው። አንድ ቀን ማታ ከቆመ የጭነት መኪና ሥር አንድ ቡችላ ሲያለቅስ አገኘ። ወስዶ አሳደገው። ስሙንም «አለሁልህ» አለው። በአገራችን የውሻ ስም ለጎረቤት መልእክት እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ይኸኛው ግን ለጎረቤት አልነበረም።

አሁን ጓደኛዬ በመርከብ ላይ ሥራ አገኘ። መርከብ ላይ ውሻ ይዞ መግባት አይቻልም። ትቶት ቢሄድ መንገድ ላይ ሊወድቅ ነው። እናቱ ደግሞ እኔ በማስተምርበት መንደር ይኖራሉ። ልጃቸው በባሕር ላይ ሊሄድ ነው የሚለውን ወሬ ከሰሙ ጀምሮ እንቅልፍ አጥተዋል። «እሱ ካልመጣ ውሻው ይምጣልኝ» አሉ። እኔም እሺ አልኩ።

አርብ ጧት ከድሬዳዋ በባቡር ተነሣሁ። ድሬዳዋ ራሷ የባቡር ልጅ ናት። የድሮው የባቡር ሐዲድ ከጅቡቲ ተጀምሮ እየተዘረጋ በ1895 ዓ.ም. እዚያ ሜዳ ላይ ሲደርስ ከተማዋ ተቆረቆረች። አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። «ለገሃር» የምንለው ቃል እንኳ የመጣው ከዚያው ነው፤ በፈረንሳይኛ ባቡር ጣቢያ ማለት ነው። ዛሬ የሚሄደው ባቡር ሌላ ነው። ሐዲዱም አዲስ፣ የሚንቀሳቀሰውም በኤሌክትሪክ ነው። በ2009 ዓ.ም. ተመርቆ በ2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራውን ጀመረ። ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከድሬዳዋ ያለው ግን ወደ 300 ኪሎ ሜትር ይጠጋል።

መንገዱ ቁልቁለት ነው። በዓይን ግን አይታወቅም። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል 1,200 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች። የባሕር ጠለል ማለት የባሕሩ ውሃ ፊት ማለት ነው፤ የአገር ከፍታ ሁሉ የሚለካው ከእሱ ተነሥቶ ነው። እንግዲህ ባቡሩ 1,200 ሜትር ሙሉ ይወርዳል። በመስኮት ሳይ መጀመሪያ ግራር፣ ቀጥሎ ግመልና ፍየል፣ ቀጥሎ ድንጋይ ብቻ ሆነ። አዲጋላን አለፍን። ድንበሩ ላይ ደወሌ አለች። ከዚያ ወዲያ አሊ ሰቢህና ሆልሆል የሚባሉ የጅቡቲ ከተሞች አሉ። የመጨረሻው ጣቢያ ናጋድ ይባላል። ከባቡሩ ስወርድ ሙቀቱ እንደ ምጣድ እንፋሎት ፊቴን መታኝ።

ጓደኛዬ ጣቢያው በር ላይ ቆሟል። ውሻውም አጠገቡ ነው። መልኩ ዳማ፣ ጆሮው አንዱ የቆመ አንዱ የወደቀ፣ ተራ የሰፈር ውሻ ነው። ለዚህ ነው እንዴ 300 ኪሎ ሜትር የመጣሁት ብዬ ሳቅሁ። እሱ ግን አልሳቀም።

ጅቡቲ እስከ 1969 ዓ.ም. በፈረንሳይ ሥር ነበረች። በዚያው ዓመት ሰኔ 20 ቀን ነፃ ወጣች። የመንግሥት ቋንቋዎቿ ፈረንሳይኛና ዐረብኛ ናቸው። ሕዝቡ በቤቱ የሚነጋገረው ግን በሶማልኛና በአፋርኛ ነው። አማርኛም በየመንገዱ ይሰማል፤ ብዙ የእኛ ሹፌሮች ስላሉ ነው። ገንዘባቸው ፍራንክ ይባላል። አንድ የአሜሪካ ዶላር 177 ፍራንክ ከምናምን ነው። ይህ ምንዛሪ ለብዙ ዓመታት አልተለወጠም። በዚያ አገር ብዙ ነገር ውድ ነው፤ እርሻ የለማ! ዝናቡ ትንሽ፣ መሬቱ ድንጋይ ነው። ቲማቲሙና ሽንኩርቱ፣ ጫቱም ከእኛ ነው የሚሄደው። መብራታቸውም ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ ብዙው በሽቦ ከአገራችን ይመጣል። ከአዲጋላ በኩል ደግሞ የከርሰ ምድር ውሃ በቧንቧ ተስቦ ይደርሳቸዋል። ስለዚህ እኛ ያለ ጅቡቲ አይሆንልንም እንላለን፤ እነሱም ያለ እኛ አይሆንላቸውም።

ቅዳሜ ጧት ወደ ባሕሩ ሄድን። ባሕር እንደ ሐይቅ ነው የሚላችሁን ሰው አትመኑት። ሐይቅ ማዶ አለው። ይህ ማዶ የለውም። ውሃውን በእጄ ጨልፌ ቀመስኩት፤ ጨው ነው፣ ይመራል። አለሁልህ ከማዕበሉ ጋር እየተጯጯኸ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይሮጣል። ጓደኛዬም በጣቱ ወደ ሩቅ እያመለከተ «የምሄደው በዚያ በኩል ነው» አለኝ። እኔ ያየሁት ሰማይ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ጠየቅሁት። «አዋሽ ወንዝ ወደዚህ ነው የሚፈሰው፤ ታዲያ ባሕሩ ውስጥ የት ጋ ይገባል?» አልኩት። የትም አይገባም። አዋሽ ከሸዋ ተነሥቶ፣ የአፋርን በረሃ አቋርጦ፣ ድንበሩ ላይ አቤ በሚባል ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። ባሕር ሳይደርስ ፀሐይ ይጠጣዋል። ያን ሁሉ መንገድ ሄዶ ጥቂት ሲቀረው መቅረቱ ይገርማል።

ወደቡን ከሩቅ አየነው። የወደብ ሠራተኛ ካልሆኑ ወደ ውስጥ አያስገቡም። ጓደኛዬ ግን የሥራውን ሁኔታ አስረዳኝ። ለማሳችሁ የምትጨምሩት ማዳበሪያ በመርከብ ሲመጣ በጆንያ አይደለም፤ በመርከቡ ሆድ ውስጥ እንደ አሸዋ ተከምሮ ነው። በትልቅ ማንሻ ይወጣል፤ በፈንጠዝያ መልክ ወደ ታች ጠባብ በሆነ ትልቅ ዕቃ ውስጥ ይፈሳል፤ ከሥሩ ጆንያ ይሞላል፣ ይመዘናል፣ ይሰፋል። ቀጥሎ በመኪና ወይም በባቡር ይጫናል። ጓደኛዬ የሚቆጥረው ያንን ነው። «አንድ ጆንያ ቢሳሳትብኝ ማታ እንቅልፍ የለኝም» ይለኝ ነበር። የማዳበሪያው መርከብ ቢዘገይ በእናንተ ቀበሌ የዘር ጊዜ እንደሚያልፍ ያውቃል፤ የገበሬ ልጅ ነው።

አሁን ወደ ውሻው ጉዳይ ልመለስ። ውሻ ድንበር ሲሻገር ሁለት ወረቀት ያስፈልገዋል። አንዱ ጤነኛ ነው የሚል የእንስሳት ሐኪም ምስክር ወረቀት ነው። ሌላው የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት መውሰዱን የሚያሳይ ነው። ክትባቱን ዛሬ ወስዶ ነገ መሻገር አይቻልም፤ ክትባቱ በሰውነቱ ውስጥ ኃይል እስኪያገኝ ሳምንታት ይፈጃል። ጓደኛዬ ይህን ስለሚያውቅ በሚያዝያ መጀመሪያ አስከትቦታል። የጤናው ወረቀት ግን ማኅተም ጎደለው። ሐሙስ ዕለት ሐኪሙ ፈርመው ማኅተም የሚያደርገው ሠራተኛ አልነበረም። አርብ ደግሞ የለም፤ ቅዳሜም የለም። በጅቡቲ የዕረፍት ቀን አርብና ቅዳሜ ነው። እሑድ ለእነሱ የሥራ ቀን ነው። እኔ ሰኞ ማስተማር አለብኝ። እሑድ ማኅተሙ ካልተገኘ ውሻው ሊቀር ነው። ጓደኛዬም ማክሰኞ መርከቡ ላይ ይወጣል።

ቅዳሜ ማታ ሁለታችንም ብዙ አልተኛንም። እሱ ውሻውን ሲያሻሽ አመሸ።

ይህ ሁሉ ለአንድ ማኅተም ነው ብላችሁ አትናቁት። የእብድ ውሻ በሽታ ክፉ በሽታ ነው። በሽታው በታመመ ውሻ ለሃጭ ውስጥ ይኖራል። ውሻው ሲነክስ፣ ወይም የቆሰለ ቦታ ሲልስ ወደ ሰው ይገባል። ከዚያ በሰውነት ውስጥ ቀስ እያለ ወደ አንጎል ይጓዛል። ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል፤ ወራትም ሊፈጅ ይችላል። ሰውዬው ጤነኛ ነኝ ብሎ ይሠራል፣ ይበላል። ምልክቱ ከታየ በኋላ ግን፣ ውሃ መፍራትና መንቀጥቀጥ ከመጣ በኋላ፣ ሰው ይተርፋል ማለት ዘበት ነው። ድመት፣ አህያና ላምም ይይዛቸዋል። በሰው ላይ ከሚደርሰው ግን እስከ 99 ከመቶ የሚሆነው የሚመጣው ከውሻ ነው።

መድኃኒቱ አስቀድሞ መድረስ ነው። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ያህል ይጠብ። 15 ደቂቃ ረጅም ነው፤ ቡና ተቆልቶ እስኪወቀጥ ያህል ነው። ቀጥሎ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። የሚሰጠው መርፌ አንድ ቀን ብቻ አይደለም፤ በተቀጠሩለት ቀናት ሁሉ እየተመላለሰ ይጨርስ። ጸበል የሚወስዱም አሉ፤ አልከለክልም፤ ግን ሳሙናውና መርፌው ይቅደም። ክትባቱን ለሰው መጀመሪያ የሰጠው ሉዊ ፓስተር የሚባል ፈረንሳዊ ነው። በ1877 ዓ.ም. አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ በእብድ ውሻ ክፉኛ ተነክሶ አመጡለት። ልጁም ዳነ። ከዚያ በፊት እንዲህ የተነከሰን ልጅ ወላጆቹ ቁጭ ብለው ሞቱን ይጠብቁ ነበር።

እሑድ ጧት ቢሮው ሳይከፈት በሩ ላይ ደረስን። ከእኛ በፊት ፍየል የያዙ ሁለት ሰዎች ነበሩ። ወረፋችን ሲደርስ ሠራተኛው ወረቀቱን አየ፣ ውሻውን አየ፣ እንደገና ወረቀቱን አየ። በፈረንሳይኛ ፊደል የተጻፈውን ስም ሊያነብ ሞከረ፤ አልሆነለትም። ጓደኛዬ አነበበለት። ሠራተኛው ሳቀና ማኅተሙን መታ።

በዚያ ቀን ለእኔ የሚሆን ባቡር አልነበረም። ወደ ድሬዳዋ የሚመለስ የጭነት መኪና አገኘን። ሹፌሩ ሙስሊም ናቸው። «ልጄ፣ የውሻ ለሃጭ ልብሴን ከነካ ለሶላት መታጠብ አለብኝ። እፊት አልጭነውም፤ ከኋላ በሳጥን ከሆነ ግን ይሂድ፣ እሱም ነፍስ ነው» አሉ። የእንጨት ሳጥን ፈልገን፣ ጥላ አበጅተን፣ ውሃ አስቀመጥንለት። ጓደኛዬ ሳጥኑን ራሱ አሰረ። ገመዱን ሦስት ጊዜ ፈትቶ ሦስት ጊዜ አሰረ። ከዚያ ለእናቱ የጻፈውን ደብዳቤ ሰጠኝና «በል ሂድ» አለኝ። መኪናው ሲነሣ ውሻው ጮኸ። ጓደኛዬ ዞር ብሎ አላየም። እኔም ወደ ኋላ አላየሁም።

በመንገድ ላይ ሹፌሩ ሦስት ጊዜ አቁመው ውሃ ሰጡት። እኔ ሳልጠይቃቸው ነው። ደወሌ ስንደርስ መሽቶ ነበር። የድንበሩ ሠራተኛ ወረቀቶቹን በባትሪ መብራት አንድ በአንድ መረመረ።

«ስሙ ማን ነው?» አለኝ።

«አለሁልህ።»

«ለማን?» አለና ሳቀ። ቀጥሎ «ዛሬ ካለፉት ሁሉ ወረቀቱ የተሟላ ይኸ ውሻ ነው» ብሎ አሳለፈን።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ መንደር ደረስን። እማማ ደጃፍ ላይ ቆመው ይጠብቁ ነበር። ውሻውን እያዩ ዝም አሉ። «ከሳ» አሉ በመጨረሻ። ደብዳቤውን ሰጠኋቸው። እኔ ላነብላቸው ብል እጃቸውን አነሡና ከለከሉኝ። ልጃቸው በትልልቅ ፊደል ነው የጻፈው። ቁጭ ብለው ጣታቸውን ከቃል ወደ ቃል እያስኬዱ፣ ፊደሉን እየቆጠሩ አነበቡ። ረጅም ጊዜ ፈጀ። መጀመሪያው ሰላምታ ነው። መካከሉን ለራሳቸው በልባቸው አነበቡት፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም። መጨረሻውን ግን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ፦ «በሚያዝያ ተከትቧል። በየዓመቱ ሚያዝያ ይከተብ።»

«ሚያዝያ» አሉ ደግመው። የክትባቱን ካርድ ከልጃቸው ፎቶግራፍ ጎን ምስማር ላይ ሰቀሉት። ውሻው ያን ሌሊት አጥሩ ሥር መንገዱን እያየ አደረ። በሦስተኛው ቀን እንጀራ በላ።