ስለ አረንጓዴ ማዳበሪያና ስለ ሩዝ ማሳ

በአርትስ ፋኩልቲ የሚማር ሰው ስለ ማዳበሪያ ምን አገባው የሚል ጓደኛ እንደማይታጣ ዐውቃለሁ። ነገር ግን አጎቶቼ በፎገራ ሜዳ ሩዝ የሚያርሱ ገበሬዎች ናቸው፤ ለደብተርና ለመጽሐፍ የሚላክልኝም ገንዘብ የሚወጣው ከዚያው ጭቃ ነው። ስለዚህ ያገባኛል።

በመኝታ ቤታችን አንዱ፣ «ዩሪያ ይቅርና ወደ ቅጠሉ እንመለስ፤ ከተፈጥሮ የተገኘ ነገር አየር አያበላሽም» ይላል። ሌላው የእርሻ ተማሪ ነውና ይሥቅበታል። ሁለቱ እስኪነጋ ሲጯጯሁ እንቅልፍ ያጣሁት እኔ ስለሆንሁ፣ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ያገኘሁትን ለሁላችሁም ላካፍል።

አረንጓዴ ማዳበሪያ ማለት ተክሉን ዘርቶ፣ ገና ለምለም ሳለ ከአፈሩ ጋር መገልበጥ ነው። የሚመረጠውም የጥራጥሬ ወገን ነው፤ በሥሩ እባጭ ውስጥ የሚኖሩት ረቂቅ ተሕዋስያን ናይትሮጂንን ከአየር ይስቡለታልና። ጃፓኖች «ሬንጌ» የሚሉትን ሐምራዊ አበባ ያለው ተክል በሩዝ ማሳቸው ላይ ይዘራሉ፤ ቻይናዎችም እንዲሁ። ፍራንክሊን ኪንግ የተባለው አሜሪካዊ የአፈር ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1909 ወደ ሩቅ ምሥራቅ ተጉዞ፣ የቻይና ገበሬዎች ይህን የመሰለ ተክል ከቦይ ጭቃ ጋር እየደራረቡ ሲያብላሉ አይቶ በ1911 በታተመው መጽሐፉ በአድናቆት ጽፎታል።

ኪንግ ያላየው ግን ከጭቃው ሥር የሚሠራውን ነው። ውሃ በማሳ ላይ ሲተኛ አየር ወደ አፈሩ አይገባም። ያን ጊዜ ያለ አየር የሚኖሩ ተሕዋስያን ከሚበሰብሰው ተክል ሜቴን የሚባለውን ጋዝ ያወጣሉ፤ ጣልያናዊው ቮልታ በ1776 ከረግረግ የሰበሰበው ጋዝ መሆኑ ነው። የሚያስገርመው መውጫው ነው፤ አብዛኛው የሚወጣው በራሱ በሩዙ በኩል፣ ተክሉ ለሥሩ አየር በሚያወርድበት ባዶ ቧንቧ ነው። እንግዲህ ማሳው ውሃ ሊሞላ ሲል ለምለም ቅጠል መቅበር ለነዚያ ተሕዋስያን ድግስ መደገስ ነው። ሜቴንም በመቶ ዓመት ሲታሰብ፣ ኪሎ ለኪሎ፣ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 27 እጥፍ ያህል ምድርን ያሞቃል።

የዩሪያው ወዳጅም ቶሎ አይደሰት። ዩሪያ የሚሠራው በብዙ ነዳጅ ነው፤ ከመጠን አልፎ ሲበተንም ናይትረስ ኦክሳይድ ያወጣል፤ የዚህኛው ጋዝ ኀይል በዚያው ሚዛን 273 እጥፍ ያህል ነው። ደግሞስ ዋጋው! ቅጠሉ የዩሪያውን ከፊል ሊተካ ይችላል፤ ለአፈሩም ብስባሽ ይጨምርለታል። ስለዚህ ሁሉም በአንድ ላይ ካልተሰላ ክርክሩ የልጆች ጨዋታ ነው።

መድኀኒት የለውም አይባልም። ቅጠሉን አስቀድሞ ገልብጦ ገና በደረቁ አፈር እንዲበሰብስ ማድረግ አንዱ ነው። ሌላው ውሃውን በየጊዜው ማጉደል ነው፤ በ1960 በፊሊፒንስ የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የሩዝ ምርምር ተቋም እንደሚያስተምረው፣ ውሃው ከአፈሩ ፊት 15 ሳንቲ ሜትር ወደ ታች እስኪወርድ ጠብቆ እንደገና ማጠጣት ነው። ሜቴኑን በብዙ ይቀንሰዋል፤ ናይትረስ ኦክሳይዱን ግን ጥቂት ከፍ ያደርገዋል።

ይህን ለአጎቴ ብነግረው ምን ይለኛል? በፎገራ ውሃውን የሚያስገቡትና የሚያስወጡት ርብና ጉማራ ናቸው እንጂ እሱ አይደለም። ገለባውን ከብቶቹ ይበሉታል። ሩዙ ሳይታጨድ በእርጥበቱ ላይ የሚዘራው ጓያም የሰው ምግብ ነው፤ ሲበዛ እግር የሚያሽመደምድ ቢሆንም በክፉ ቀን የሚደርስ እሱ ነው። ለምለሙን ገልብጠህ ቅበር ማለት እህልህን ቅበር ማለት ነው። የዓለምን አየር ያሞቁት የሱ በሬዎች እንዳይደሉ እየታወቀ፣ ይህን ያለ ካሳ መጠየቅ ለኔ ግፍ ነው። ይሁን እንጂ የጓያው ሥርና ግርድ፣ ወይም ከማሳው ጥግ ተከፍሎ የተዘራ ተክል፣ በበጋ ቢገለበጥ እስከ ክረምት በአየር ይበሰብሳል። ይህስ ሊሞከር አይገባምን?

መለኪያው ሩቅ አይደለም፤ ግልጽ ሣጥን በሩዙ ላይ ደፍቶ፣ በውስጡ የሚጠራቀመውን አየር በመርፌ እየሳቡ መመርመር ነው። የእርሻ ተማሪዎች ሆይ፣ አጎቴ ለዚህ የሚሆን ጥግ አልከለክልም ብሏል። ነገር ግን በሣጥኑ ምክንያት የሚረገጠውን ሩዝ ማን ይከፍለኛል ሲል ጠይቋል፤ መልሳችሁን ይዤለት ልሂድ።