ስለዚያ ቡፌ

ልጄ፣ የኔ ዓለም፣ የእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጸበል ተስማምቶኛል፤ ማለዳው ግን ጋቢም አይበግረው።

ትናንት በስልክ ስታማክሪኝ የመናኸሪያው ረዳቶች ጩኸት ድምፅሽን ዋጠውና በቅጡ ሳልመልስልሽ ቀረሁ። ሴትዮዋ ከእናቷ የቀረላትን ቡፌ ለጥገና ልቀበላት ወይስ አዲስ ግዢ ልበላት ነው ያልሽኝ።

መጀመሪያ ዕቃውን ገልብጠሽ እይው። ጎኑ ችፑድ ከሆነና ውሃ ጠጥቶ ካበጠ ኮላ አያድነውም፤ መተካት ነው። እግሩና ማዕቀፉ ዋንዛ ነው ካልሽ ግን እንዳትንቂው። የ1986ቱ የደን አዋጅ ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ጥድና ኮሶ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር፤ እንዲህ ያለ ደረቅ ዋንዛ እንደ ድሮው በቀላሉ አናገኝም። የላላውን መጋጠሚያ ፈትተሽ፣ አሮጌውን ኮላ ፍቀሽ እንደገና አጣብቂው። ምስማር አታብዢበት።

ከዚያ ሴትዮዋን ቁጭ አድርገሽ ቡና አጠጫትና እውነቱን ንገሪያት። ጥገናው ቡፌው ገበያ ላይ ከሚያወጣው ይበልጣል በያት። አስባበት «ይሁን» ካለች ተቀበያት፣ የእናቷ ነው ብለሽ ግን ዋጋ እንዳታንሪባት። ሐዘንተኛ አይከራከርም ልጄ።

አንድ ነገር ልንገርሽ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። አንቺ ሳትወለጂ አንድ አዛውንት የልብስ ሣጥን አምጥተውልኝ ነበር። ላስደስታቸው ብዬ ውስጡን ሳይቀር በብርጭቆ ወረቀት አሽቼ አብረቀረቅሁት። ለካ ክዳኑ ውስጥ ሟች ባለቤታቸው የልጆቻቸውን የልደት ቀን በእርሳስ ጽፈውበት ኖሯል። ሊወስዱት ሲመጡ ክዳኑን ከፍተው ጣታቸውን በባዶው እንጨት ላይ ወዲያና ወዲህ አመላለሱት። ምንም አላሉኝም። ሒሳባቸውን ከፍለው ሄዱ።

ስለዚህ የቀኝ በሩ እጀታው ዙሪያ ጠቁሯል ያልሽኝን እንዳትልጊው። እናቷ ስኳርና ሲኒ ስታወጣ የነካችው ነው። ቅባቱን በሳሙና ውሃ በረጠበ ጨርቅ አንሺለት፤ በደንብ ሲደርቅ ስስ ቫርኒሽ ቀቢው። ጥቁረቱ ይቆይ። የምትፍቂውንና የምትተዪውን ግን ሳትጀምሪ እሷኑ ጠይቂያት።

ቡፌውን ከሥራ ቤቱ በር ጥግ አርቂው፣ እዚያ ጣሪያው ያፈሳል። ቅዳሜ እወርዳለሁ፤ መሳቢያዎቹን አብረን እንከፍታቸዋለን።

አባትሽ