ታንኳና ታንኳ ሠሪ

ሰው ለጉዳይ ወደ ሌላ ከተማ ሄዶ ጉዳዩን ብቻ አይቶ የተመለሰ እንደ ሆነ፣ ድካሙን እንጂ ትምህርቱን ይዞ አይመለስም። እኔም ባለፈው ዓመት ወደ ባሕር ዳር ሄጄ ሳልፈልገው አንድ ትምህርት አገኘሁ። ትምህርቱ የሚያኮራኝ ስላልሆነ ብደብቀው በወደድሁ ነበር። ነገር ግን ወጣቶች ቢያነቡት ከእኔ ስሕተት ይጠበቁበት ይሆናል ብዬ ጻፍሁት።

የሄድሁበት ምክንያት የአገልግሎት ማስረጃ ለማውጣት ነበር። መዝገቡን የያዘው ሰው ግን ከሁለት ቀን በኋላ ይመለሱ አለኝ። በመጀመሪያ ተቆጣሁ። ኋላ ግን ቁጣ መዝገብ እንደማያወጣ ተረድቼ፣ ከዘራዬን ይዤ ከተማውን ለማየት ወጣሁ።

ጣና ሐይቅ ነው፤ የአገሩ ሰው ግን ባሕር ይለዋል። ርዝመቱ ወደ 84 ኪሎ ሜትር፣ ስፋቱም ወደ 66 ኪሎ ሜትር ስለ ሆነ፣ ባሕር መባሉ አያስደንቅም። ከተማው የተስፋፋው በቅርብ ዘመን ነው። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በ1953 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ቀጥሎም በሶቪየት መንግሥት እርዳታ የፖሊቴክኒክ ትምህርት ቤት ተሠራ። ዛሬ ዘንባባ የተተከለባቸው ሰፋፊ መንገዶችና ትልቅ ዩኒቨርሲቲ አሉት። በ2016 ዓ.ም. በተመረቀው፣ 380 ሜትር ርዝመት ባለው አዲሱ የዐባይ ድልድይ ላይ ቆሜ፣ ወንዙ ከሐይቁ ወጥቶ ወደ ጢስ ዐባይ ፏፏቴ ሲጓዝ ተመለከትሁ። ወንዙ እዚያ ሲደርስ ያጓራል፤ እዚህ ግን ዝም ብሎ ነው የሚሄደው።

ከዚያም ወደ ሐይቁ ዳር ወረድሁ። የሞተር ጀልባዎች እንግዶችን ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ ገዳማት ለመውሰድ ተሰልፈው ነበር። የዑራ ኪዳነ ምሕረትን የግድግዳ ሥዕልና የዳጋ እስጢፋኖስን የነገሥታት ዐፅም የማያውቅ ተማሪ ጥቂት ነው። እኔም ስለ እነዚህ ለብዙ ዓመታት አስተምሬአለሁ። ከጀልባዎቹ ራቅ ብሎ ግን አንድ ዕድሜው ከሃምሳ የማያንስ ሰው መሬት ላይ ተቀምጦ ታንኳ ይሠራ ነበር፤ ስለ እርሱ አንድ ቀን አላስተማርሁም።

ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው። ደንገሉ ታጭዶ ይደርቃል፤ ከዚያም በነዶ በነዶ እየታሰረ ይጠፈራል፤ አፍንጫውም ወደ ላይ ይቀናል። ምስማር የለውም። ውሃ ሲጠጣ ስለሚከብድ፣ ከሥራ በኋላ ከውሃ አውጥተው በፀሐይ ያደርቁታል።

«ጤና ይስጥልኝ፣ ወንድሜ፤ ሥራ እንዴት ነው?» አልሁት።

«አልሐምዱሊላህ፣ ጋሼ። ደንገሉ ግን ራቀብን። ዳሩ ታረሰ፣ ታጠረ፤ የቀረውንም እምቦጭ ያዘው» አለኝ፤ እጁ ግን ሥራውን አላቆመም።

ከነገደ ወይጦ ወገን መሆኑን ከንግግራችን ተረዳሁ። እነዚህ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ በጣና ዳር የኖሩ፣ በታንኳ ሥራ የታወቁ ናቸው። የራሳቸው ቋንቋ ነበራቸው፤ ዛሬ ግን ጠፍቶ አማርኛ ይናገራሉ። አባቶቻቸው ጉማሬ አድነው ይበሉ ስለ ነበር፣ ጎረቤቶቻቸው ንቀዋቸው፣ አብረዋቸው ማዕድ ሳይቀርቡ ኖረዋል።

በዚህ ጊዜ አርባ ዓመት ያህል የረሳሁት ነገር ትዝ አለኝ። ገና ጀማሪ መምህር ሳለሁ፣ ከነዚሁ ወገን የሆነ አንድ ልጅ ወደ ክፍሌ ገባ። ሌሎቹ ተማሪዎች አብረን አንቀመጥም ብለው አጉረመረሙ። እኔ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሰው ሁሉ የአንድ አባት ልጅ መሆኑን በቃሌ አጥንቼ ያደግሁ ሰው ነኝ። ነገር ግን ያጠናሁትን በመሥራት ፈንታ፣ ጸጥታ እንዲሆን ብዬ ልጁን በመጨረሻው ወንበር ብቻውን አስቀመጥሁት። ከጥቂት ሳምንት በኋላ መምጣቱን ተወ። እኔም በመዝገቤ ላይ «አቋረጠ» ብዬ ጻፍሁ። ያቋረጠው እርሱ ነበርን? «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የተባለው ለእንደኔ ያለው ነው።

የሞተር ጀልባ ሳይመጣ በፊት፣ ቄሱም ነጋዴውም፣ መጽሐፉም እህሉም በዚህ ሐይቅ ላይ የሚሻገረው በታንኳ ነበር። እንግዲህ አስቡት፤ ሰው ነፍሱን አደራ ሰጥቶ ጥልቁን የሚሻገርበትን ዕቃ የሠራ እጅ፣ ማዶ ሲደርሱ የሚናቅ ሆነ። ነውሩ የባለ እጁ አይደለም። ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው መስደብን በ1900 ዓ.ም. በዐዋጅ ከልክለው ነበር። ዐዋጅ ግን አፍን ይዘጋል እንጂ ልብን አይለውጥም፤ የልቡን ሥራ የሚሠራው መምህር ነበር፤ እኔም አልሠራሁትም።

«አንተ ትምህርት ቤት ገብተህ ነበርን?» ብዬ ጠየቅሁት፤ መልሱን ፈርቼ ነበር።

«በእኛ ጊዜ ማን ያስጠጋን ነበር፣ ጋሼ? ልጄ ግን ትማራለች፤ ስምንተኛ ክፍል ናት።»

«ከማን ጋር ነው የምትቀመጠው?»

ሰውየው ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራውን አቁሞ ተመለከተኝና፣ «ከጓደኞቿ ጋር ነዋ!» ብሎ ሳቀ። ጥያቄው እንግዳ ሆኖበት ነበር። ለምን እንደ ጠየቅሁት አልነገርሁትም። መናገር ይገባኝ ነበር፤ ነገር ግን አፌ አልታዘዘልኝም።

በሦስተኛው ቀን ማስረጃዬን ተቀበልሁ። ያለ ነቀፋ ማገልገሌን ይመሰክራል። ማኅተሙም ፊርማውም ትክክል ነው፤ እኔ ግን የጎደለውን መስመር ዐውቃለሁ።

ልጆቼ ሆይ፣ ክፉ ሥራ ሁሉ በቁጣና በዱላ አይሠራም። ብዙው የሚሠራው ጸጥታ እንዲሆን፣ ሰው እንዳይቀየም ተብሎ ነው። ስለዚህ በክፍላችሁ ወይም በመሥሪያ ቤታችሁ ብቻውን የተቀመጠ ሰው ብታዩ፣ መምህሩ ወይም አለቃው እስኪያዛችሁ አትጠብቁ፤ ምናልባት እርሱም እንደኔ ፈሪ ይሆናል። ተነሥታችሁ ከአጠገቡ ተቀመጡ። ይህ ለመሥራት ከጥቂት ርምጃ በላይ አይጠይቅም፤ ያልሠራው ሰው ግን አርባ ዓመት ተጉዞም ወደዚያ ወንበር ሊደርስ አይችልም።