የክለብ አባልነትና የያዶት ወንዝ

ባለፈው ጥር ለዓይኔ ሕክምና አዲስ አበባ ልጄ ቤት ሰንብቼ ነበር። አንድ ቅዳሜ ማታ ራት ተበልቶ ቡና እየተጠጣ ሳለ ልጄ አንድ የሚያብረቀርቅ ወረቀት አምጥቶ ፊቴ ዘረጋው። «አባዬ፣ እስቲ እየውና ምን ትለኛለህ?» አለኝ።

ወረቀቱ ከከተማው ዳር ያለ የአንድ ክለብ ነው። የመዋኛ ገንዳ፣ የቴኒስ ሜዳ፣ የልጆች መጫወቻ፣ ጂምና ምግብ ቤት አለው። የቤተሰብ አባልነት ለአንድ ዓመት 96 ሺህ ብር፣ አንድ ጊዜ ብቻ የሚከፈል የማይመለስ መመዝገቢያ ደግሞ 14 ሺህ ብር ይላል። በድምሩ 110 ሺህ ብር። እኔ ደሎ መና የምኖር ጡረተኛ ነርስ ነኝ። መነጽሬን አውልቄ፣ ጠርጌ፣ ቁጥሩን እንደገና አነበብኩት።

መጀመሪያ አፌ ላይ የመጣው «አብደሃል?» የሚል ነበር። ግን በጤና ጣቢያ ሠላሳ ምናምን ዓመት ስሠራ ከተማርኳቸው ነገሮች አንዱ ሳይመረምሩ መድኃኒት አለማዘዝ ነው። «ይደር፣ ነገ እንነጋገርበታለን» አልኩት።

ልጄ የሚኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሦስት ልጆች አሉት፤ 11፣ 8 እና 5 ዓመታቸው ነው። ከትምህርት ቤት በሰርቪስ ይመጣሉ፣ መክሰስ ይበላሉ፣ የቤት ሥራ ይሠራሉ፣ ከዚያ ስልክና ቴሌቪዥን። ግቢው ውስጥ ኳስ ይጫወቱበት የነበረው ቦታ የመኪና ማቆሚያ ሆኗል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በየቀኑ በአማካይ 60 ደቂቃ ሰውነታቸውን የሚያንቀሳቅስ ነገር እንዲያደርጉ ይመክራል። እኔ ሥራ ፈት ነኝና አንድ ቀን በእጅ ሰዓቴ የ8 ዓመቱን ልጅ ተከታተልኩት። ደረጃ መውጣቱንና ሶፋ ላይ መዝለሉን ደምሬ 15 ደቂቃ አልሞላም። መና ቢሆን ኖሮ 60 ደቂቃው ከቁርስ በፊት ያልቅ ነበር።

ስለዚህ የልጄ ጥያቄ የቅንጦት ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ። ሜዳ ሊገዛ ነው የፈለገው። እኛ በነጻ ያገኘነውን እሱ በገንዘብ ሊገዛ ተገዷል።

በአዲስ አበባ ይህ ነገር አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1969 የተከፈተው ሂልተን ሆቴል ገንዳው ከምድር በሚወጣ ፍል ውሃ የሚሞላ በመሆኑ የታወቀ ነው። የጣሊያን ማኅበረሰብ ያቋቋመው ጁቬንቱስ ክለብም አለ። እኔ ራሴ ተማሪ ሳለሁ ከጓደኞቼ ጋር በግዮን ሆቴል ገንዳ ለመዋኘት ሳንቲም እናጠራቅም ነበር። «ካንትሪ ክለብ» የሚለው ስም ደግሞ ከአሜሪካ የመጣ ነው። በማሳቹሴትስ፣ ብሩክላይን በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1882 የተቋቋመው ክለብ ስሙ ራሱ «ዘ ካንትሪ ክለብ» ነው። የከተማ ሀብታሞች ፈረስ የሚጋልቡበትና አየር የሚቀይሩበት ስፍራ ነበር። ዛሬ እኛ አገር ካንትሪ ክለብ ሲባል ብዙ ሰው ለገጣፎ ያለውን የመኖሪያ መንደር ያስባል። ልጄ ያሳየኝ ግን መዝናኛ ብቻ ነው፤ ከፍለው ይገባሉ፣ ሲመሽ ይወጣሉ።

አባልነት ለእኛ እንግዳ ነገር ሆኖ አይደለም። እኔ የሁለት እድር አባል ነኝ። እቁብም ጥያለሁ። እድር ግን እየከፈልክ ባትጠቀምበት የምትደሰትበት ነገር ነው፤ ሳይነካህ ዓመቱ ካለፈ ተመስገን ትላለህ። ክለብ በተቃራኒው ነው። ከፍለህ ካልሄድክበት ገንዘቡ ውሃ በላው። እድር ስትቀር ይቀጣሃል፣ ክለብ ግን ስትቀር ደስ ይለዋል። ይህንን ልዩነት ለልጄ ስነግረው ሳቀ።

በማግስቱ እሑድ ቤተሰቡ በሙሉ በዕለት ትኬት ክለቡን ሊያይ ሄደ። እኔም አብሬ ሄድኩ። ትኬቱ ለአዋቂ 800፣ ለልጅ 500 ብር ነው። ለአምስት ሰው 3,100 ብር ማለት ነው፤ የእኔን ራሴ ከፈልኩ። ልጆቹ ወደ ገንዳው ሲሮጡ እኔ እንደ ልማዴ ምርመራ ጀመርኩ። የጥልቁ ውሃ ወለል ከላይ ሆኖ ይታያል ወይ? ጠባቂው የሚያየው ውሃውን ነው ወይስ ስልኩን? የትንንሾቹ ገንዳ ከትልቁ በአጥር ተለይቷል ወይ? ሰው ከመግባቱ በፊት ገላውን ይታጠባል ወይ? ውሃው ጥሩ ነበር። ጠባቂውም ጥሩ ነበር። አጥር ግን የለም። ከጠባቂው ይልቅ ስልካቸውን የሚያዩት ወላጆች ነበሩ።

ቢሮው ውስጥ ያለችው ልጅ «ቅናሹ ዛሬ ማታ ያበቃል፣ አሁን ቢፈርሙ ይሻላል» አለች። ጤነኛን ሰው ዛሬውኑ ካልተወጋህ የሚል ሐኪም ቢገጥመኝ እጠረጥረዋለሁ። ስለዚህ ጥያቄዬን ደረደርኩ። ለሁለት ወር ወደ አገር ቤት ብንሄድ አባልነቱ ይቆምልናል? አይቆምም። ምግብ ይዘን መግባት እንችላለን? አይቻልም። የዋና ትምህርት በክፍያው ውስጥ አለ? የለም፣ ለብቻው ነው። አያትስ እንደ ቤተሰብ ይቆጠራል? አይቆጠርም። የመጨረሻው ትንሽ አናደደኝ።

ቤት ስንመለስ ወረቀትና እስክርቢቶ ይዘን ተቀመጥን። 110 ሺህን ለ3,100 ስናካፍለው አባልነቱ ከዕለት ትኬት የሚረክሰው በዓመት ቢያንስ 36 ጊዜ ከሄዱ ነው። ልጄ «በየሳምንቱ ብንሄድ 52 ነው፣ አዋጭ ነው» አለ። «ልትሄድ ያሰብከውን ሳይሆን የሄድከውን ቁጠር» አልኩትና ያለፉትን 13 እሑዶች ከስልኩ ላይ አንድ በአንድ አወጣን። ለቅሶ፣ ሠርግ፣ የእድር ስብሰባ፣ የመስክ ሥራ፣ የልጆች ፈተና፣ የታመመ ልጅ። ነጻ የነበሩት 5 ብቻ ናቸው። በዚህ ስሌት በዓመት 20 ጊዜ ቢሄዱ ነው። 20 ጊዜ በትኬት 62 ሺህ ብር ነው፤ አባል ቢሆኑ 48 ሺህ ብር ይከስራሉ። እስክርቢቶዬን አስቀመጥኩ። ነገሩ ያለቀ መሰለኝ።

ምራቴ እስከዚያ ድረስ ዝም ብላ ነበር። «አባባ፣ እርስዎ የቆጠሩት ብሩን ነው» አለችኝ። «እሑዶቻችን ያልቀሩት መሄጃ ስለሌለን እንደሆነስ? ከፍለን ቢሆን ኖሮ ግማሹን ስብሰባ እንቀርበት ነበር። ደግሞ ዛሬ ልጅዎ ወንበሩ ላይ ተኝቶ አይተውታል? እሑድ ቀን ተኝቶ ሳየው ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ ያውቃሉ?»

አይቼዋለሁ። አፉን ከፍቶ ነበር የተኛው፣ እንደ ልጅነቱ። መልስ አላገኘሁም። በዚህ መሐል ነው ያ የ8 ዓመት ልጅ ከጓዳ ብቅ ብሎ ያየኝ። ባለፈው ክረምት የሆነውን ነገር እኔና እሱ ብቻ ነበር የምናውቀው። ያን ጊዜ ግን ሌላ መሸሸጊያ አጣሁ፤ ለልጄና ለምራቴ ተናገርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ሐምሌ ልጆቹ ለዕረፍት መና መጡ። ልጠብቃቸው ቃል ገብቻለሁ። አንድ ቀን ከሰዓት እንግዳ መጥቶብኝ ወሬ ስናወራ ትንሹ ልጅ ከጎረቤት ልጆች ጋር ያዶት ወረደ። የመና ልጅ እንደ ዓሣ ይዋኛል፤ የከተማው ልጅ ግን ከገላ መታጠቢያ ባልዲ ሌላ ውሃ አያውቅም። በክረምት መና ላይ ጠብ ሳይል ላይ ሰነቴ ላይ ከዘነበ ያዶት ይሞላል፤ ሰማዩን አይተህ ወንዙን አታውቅም። ልጁ ድንጋይ አንሸራቶት ገባ። የጎረቤት ልጅ፣ ገና 14 ዓመቱ ነው፣ በሸሚዙ ጎትቶ አወጣው።

ሁለቱም ውሃ እየተንጠባጠበባቸው በር ላይ ሲቆሙ አየሁ። ደረቱን አዳመጥኩ፣ አተነፋፈሱን ቆጠርኩ፣ ሌሊቱን ሙሉ አጠገቡ ተቀምጬ አደርኩ። ውሃ የጠጣ ልጅ ደህና ቢመስልም ለሰዓታት መታየት አለበት። ጠዋት ላይ ግን አንድ ስሕተት ሠራሁ። «ለአባትህ አንነግረውም» አልኩት። ዕድሜዬን ሙሉ እናቶችን «ከጤና ባለሙያ ምንም አትደብቁ» ስል ኖሬ፣ የልጅ ልጄን መደበቅ አስተማርኩት።

ይህንን ስናገር ልጄ ለረጅም ጊዜ አልተናገረም። ምራቴ ተነስታ ልጇን አቀፈች። ከዚያ ልጄ «ብትነግረኝ እኮ አልከለክላቸውም ነበር» አለኝ። እሱም እውነቱን እንደሆነ፣ እኔም እንዳላመንኩት ሁለታችንም እናውቃለን።

በሥራ ዘመኔ ከወንዝ የወጡ ልጆች መጥተውልኛል፤ ሁሉም አልዳኑም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ዙሪያ ወደ 300 ሺህ ሰው በውሃ ሰጥሞ እንደሞተ ይገምታል፤ ከእነዚህ አንድ አራተኛ የሚጠጉት ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ናቸው። ብዙ ጊዜ ያየሁት ስሕተት ልጁን በእግሩ ዘቅዝቆ ማራገፍ ነው። ይህ ጊዜ ማባከን ነው። ልጁ የማይተነፍስ ከሆነ ወዲያው ትንፋሽ መስጠት ያስፈልጋል፤ ከዚያም ደረቱን መጫን፣ እርዳታም መጥራት። ይህንን አያቶችም ልንማረው ይገባል።

ከዚያ ማታ በኋላ ጥያቄው ተቀየረ። «አባል እንሁን ወይስ አንሁን?» መሆኑ ቀርቶ «ከዚህ ቦታ የምንፈልገው ምንድን ነው?» ሆነ። መልሱ ሦስት ነገር ነበር፤ ልጆቹ ዋና እንዲችሉ፣ እንዲሯሯጡ፣ አባትየው እንዲያርፍ። መጀመሪያ ለዋናው ተስማማን። ሁለቱ ትልልቆች 12 እሑድ የዋና ትምህርት ይማራሉ፣ መግቢያው በዕለት ትኬት ይሆናል፣ ትንሿ ከእናቷ ጋር ጥልቀት በሌለው ገንዳ ትጫወታለች። ለአስተማሪው የሚከፈለውን እኔ ከቡናዬ ሽያጭ ልቻል አልኩ። የሄዱበት ቀን ሁሉ ፍሪጁ ላይ በተለጠፈ ወረቀት ይጻፋል።

ወደ መና ተመለስኩ። ግንቦት ላይ ልጄ ደወለ። ከ12ቱ እሑድ 9 ጊዜ ሄደዋል። ልጁ በጀርባው ይንሳፈፋል፣ የገንዳውን ወርድም ያቋርጣል። ትልቋ ከእሱ ትበልጣለች። «አንተስ?» አልኩት። «ሁለቴ ተኛሁ፣ ሦስተኛው ላይ እኔም መማር ጀመርኩ» አለኝ።

ታዲያ ከ12 እሑድ 9 ማለት ከአራት ሦስት ነው። ክረምቱን ብናወጣና 44 ሳምንት ብንይዝ በዓመት 33 ጊዜ ይሆናል። እኔ 20 ነበር ያልኩት። ምራቴ ስልኩን ተቀብላ «አባባ፣ ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ መመዝገቢያው ስለሌለ 31 ጊዜ ይበቃል፣ ቆጥሬዋለሁ» አለችኝ። ልክ ናት። የእኔ ስሌት የሰውን ልማድ ቆጠረ እንጂ ቀጠሮ የያዘ ሰው ልማዱን እንደሚለውጥ አልቆጠረም። በሌላ በኩል ልጆቹን በየእሑዱ ከቤት ያወጣቸው የአስተማሪው ቀጠሮ ነው፤ ካርዱ ኪስ ውስጥ ቢቀመጥ ኖሮ ያወጣቸው ነበር ወይ? ይህ ገና አልታወቀም። በመስከረም እንደገና ሊቆጥሩ ተስማምተዋል። ዘንድሮ አልፈረሙም።

ወላጆች ምክር ከጠየቃችሁኝ የምለው ይህንን ነው። ሳትፈርሙ በፊት ሦስት ወር በዕለት ትኬት ሞክሩ፣ የሄዳችሁበትን ጻፉ። ውሉን ቤት ወስዳችሁ አንብቡ። የትራንስፖርቱንና እዚያው የሚበላውን ደምሩ። ብድር ገብታችሁ ወይም የትምህርት ቤት ክፍያ አዘግይታችሁ አባል አትሁኑ። በመጨረሻም ከቦታው የምትፈልጉትን በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ካቃታችሁ ገንዘባችሁን ያዙ። አያቶች ደግሞ ስለ ብሩ ከመፍረዳችን በፊት ያ አራተኛ ፎቅ ላይ አንድ ሳምንት እንቀመጥ።

ልጆቹ በሐምሌ ይመጣሉ። ገንዳ ውስጥ የዋኘ ልጅ ያዶትን ቻለ ማለት አይደለም፤ ገንዳ አይገፋም፣ አይደፈርስም፣ ድንገት አይሞላም። ስለዚህ ያለ አዋቂ ወንዝ መውረድ የለም፤ ይህንን ለልጄም በስልክ ነግሬዋለሁ። ባዶ ጄሪካን ክዳኑን አጥብቄ ረጅም ገመድ አሰርኩበት፤ የሚሰጥም ሰው ካለ ራስን ሳይወረውሩ እሱን መወርወር ይቻላል። አወራወሩን ያንን የጎረቤት ልጅ አስተማርኩት። ከእኔ አርቆ ይወረውራል።