ድንጋይ የሚያነሳ ውሃ

አቦሉ እስኪወርድ ስለ ድንጋይ እንጫወት። ነሐሴ ላይ ከጦሳ የሚወርደው ጎርፍ ቦርከናን ሲሞላው ዳር ቆማችሁ ካዳመጣችሁ፣ ከውሃው ጩኸት ሥር ሌላ ድምፅ አለ፤ ድንጋይ ከድንጋይ ሲላተም። በበጋ ሁለት ጎረምሳ የማያነቃንቀውን ድንጋይ ውሃው እንዴት አንከባለለው?

አንደኛ፣ ድንጋይ ውሃ ውስጥ ይቀላል። የእኛ ጥቁር ድንጋይ እንኳ ሲጠልቅ የክብደቱን ሲሶ ያህል ያጣል። ዋናው ግን ፍጥነቱ ነው። የወንዙ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን፣ መግፋት የሚችለው የድንጋይ ክብደት 64 እጥፍ ይሆናል። ጠዋት አንድ ኪሎ ድንጋይ ሲገፋ የነበረ ውሃ ማታ ፍጥነቱ እጥፍ ከሆነ 64 ኪሎ ይገፋል፤ የአንድ አዋቂ ሰው ክብደት ማለት ነው። ስለዚህ እባካችሁ፣ ደራሽ ውሃ ለመሻገር የሚሞክር ሰው ስታዩ ዝም አትበሉ።

ባሕር ላይም ይኸው ጣጣ አለ። እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ ከደሴ በኮምቦልቻና በባቲ አድርገው አሰብ የሚወርዱ ሹፌሮቻችን ባሕሩን በደንብ ያውቁት ነበር። ብዙ ወደቦች መርከብ እንዳይናወጥባቸው ከፊታቸው ድንጋይ ይከመራል፤ ማዕበል ሰባሪ ይባላል። ስፔናዊው ኢሪባረን በ1938፣ አሜሪካዊው ሃድሰን ደግሞ በ1959 እ.ኤ.አ. ስሌቱን አውጥተውለታል፤ የማዕበሉ ቁመት እጥፍ ሲሆን ድንጋዩ 8 እጥፍ መክበድ አለበት። ከላይ ትልልቁ፣ ከሥሩ መካከለኛው፣ ከሆዱ ጥቃቅኑ ይደረደራል። በድንጋዮቹ መሀል ያለው ክፍተት የማዕበሉን ጉልበት ይውጠዋል። ክብደት ብቻውን ግን አያድንም። ፖርቱጋል ውስጥ ሲነሽ በተባለ ወደብ እያንዳንዳቸው 42 ቶን የሚመዝኑ የኮንክሪት ብሎኮች ተደርድረው ነበር፤ በ1978 እ.ኤ.አ. የመጣው ማዕበል ብዙዎቹን ሰባብሮ ወሰዳቸው።

እኛ ወንዛችን ዳር ያን የሚያህል ድንጋይ የምናነሳበት ክሬን ስለሌለን ጋቢዮን፣ ማለትም ድንጋይ የተሞላ የሽቦ ሳጥን፣ እንሠራለን። ብልህ ሥራ ነው፤ ሽቦው ትንንሹን ድንጋይ አቅፎ እንደ አንድ ትልቅ ድንጋይ ያስቆመዋል። ጋቢዮን ሲወድቅ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከሥሩ ነው። ውሃው ፊት ለፊት መታገሉን ትቶ እግሩ ሥር ያለውን አፈር ይልሰዋል፤ ሳጥኑ ወደ ወንዙ ያዘነብላል፣ ሽቦው ይወጠራል፣ አንድ ቀን ይበጠሳል። ከጀርባም አፈሩ በድንጋዮቹ መሀል እየሾለከ ይወጣና ከበላዩ ያለው መሬት ይሰምጣል። ለዚህ ነው ከጋቢዮኑ ጀርባ ጠጠር፣ ወይም ደግሞ አፈር የማያሳልፍ ጨርቅ የሚያስፈልገው። እኔን የሚያንገበግበኝ ደግሞ እዚህ ላይ ነው፤ ከላይ የሚታየው ድርድር ያምራል፣ መሬት ውስጥ የሚቀበረውን መሠረት ግን ማንም አይጠይቅም።

በሰፈራችሁ ጋቢዮን ሲሠራ ካያችሁ መሠረቱ ስንት ሜትር እንደወረደ ጠይቁ። የቆየውንም በበጋ ወርዳችሁ እዩት፤ ከሥሩ እጅ የሚያስገባ ክፍተት ካለ እስከ ግንቦት መጠገን አለበት። ሰኔ ከገባ በኋላ እዚያ ውስጥ ወርዶ የሚሠራ ሰው አይገኝም።