የሞተ ይነሳል

ደሴ ላይ ፕሌይስቴሽን ቤት ገብቶ የሚያውቅ ሰው ሕጉን አይረሳውም፤ የተሸነፈ ይነሳል፣ ወረፋ የያዘ ይቀመጣል። ፊፋ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። ሁለት ሰው ይገጥማል፣ አንዱ ይሸነፋል፣ አበቃ። አስቸጋሪው ለብቻ የሚጫወቱት ጌም ሲመጣ ነው። አንድ ሰው ጆይስቲክ ጨብጦ ጨለማ ኮሪደር ውስጥ ሲዳብስ፣ ከኋላው የቆመው ስድስት ሰው ምን ይሁን? የኛ ሰፈር ልጆች፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ፣ አንዲት ቃል ብቻ ቀይረው ተገላገሉ፤ የሞተ ይነሳል።

ጌሙ ዴድ ስፔስ ነበር። (እዛ ውስጥም የሞተ ይነሳል። የጌሙ ዋና ጣጣ እሱ ነው።) እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ነው። አይዛክ ክላርክ የሚባል መሐንዲስ፣ ስሙ ከሁለት የሳይንስ ልቦለድ ደራሲዎች ከአይዛክ አሲሞቭና ከአርተር ክላርክ የተገጣጠመ፣ ኢሺሙራ የምትባል የማዕድን መርከብ ልጠግን ብሎ ይሄዳል። ሲደርስ ሠራተኛው አልቋል፣ ሬሳው ደግሞ መልኩን ቀይሮ እየተነሳ ያሳድደዋል። ጭንቅላት መምታት አይጠቅምም፤ እጅና እግር መቁረጥ ነው።

የፕሌይስቴሽን ቤት ማሽን ደግሞ የማንም አይደለም። ትናንት ሴቭ ያደረጋችሁትን ዛሬ ጠዋት አንዱ ደርቦበት ታገኙታላችሁ። ስለዚህ ሁሌም ከመጀመሪያው ነው። የመጀመሪያዎቹን ምዕራፎች ከዘመድ ቤት በላይ አወቅናቸው፤ ከየትኛው ቀዳዳ ምን እንደሚዘል፣ የትኛው ሬሳ እንደሚነሳ፣ የትኛው እውነተኛ ሬሳ እንደሆነ። አስፈሪ ጌም በቃል ከተያዘ ምን ያስፈራል? እናላችሁ፣ ማስፈሪያውን ራሳችን መሥራት ነበረብን።

እኔ እዛ ቤት ሥልጣን ያገኘሁት በዚህ ነው። ከአክስቴ ልጅ ጋር ተከትዬ የምገባ ብቸኛዋ ሴት ነበርኩ፤ ወረፋዬ ሲደርስ "አንቺ ቆይ" ይሉኛል። (ሴት ልጅ ፕሌይስቴሽን ቤት ምን ትሠራለች የምትሉ ካላችሁ፣ ሌላ ጊዜ እንጨቃጨቃለን።) ጆይስቲክ ሲከለክሉኝ ሕግ አውጪ ሆንኩ። በመጀመሪያው መሣሪያ ብቻ ይጫወት፣ ሌላ መሣሪያ ቢያገኝ አይንካ። ሕክምናውን አይጠቀም። የቴሌቪዥኑ ድምፅ ይጥፋ። ይሄኛው ጉድ ነው! ድምፅ ከሌለ ያነሰ የሚያስፈራ ይመስላችኋል፤ ግን ከኋላ የሚመጣውን የሚነግራችሁ ድምፁ ብቻ ነበር።

የመጀመሪያውን ሕግ የጌሙ ሠሪዎችም እንዳሰቡት ያወቅኩት ኋላ ነው። ጨዋታውን በዛች በመጀመሪያዋ መሣሪያ ብቻ ለጨረሰ ሰው ማዕረግ አዘጋጅተዋል። በ2011 የወጣው ሁለተኛው ክፍል ደግሞ ጠቅላላ ሦስት ጊዜ ብቻ ሴቭ የሚፈቅድ ደረጃ አለው። ያንን ጉድ ለተወጣ ሰው ሽልማቱ ምን መሰላችሁ? የስታዲየም ደጋፊዎች የሚያጠልቁት ዓይነት ትልቅ የስፖንጅ ጣት። አይዛክ ጣቱን ይቀስርና በአፉ ይተኩሳል፤ ጭራቁ ይበታተናል።

ይሄ ነገር ለኛ አገር እንግዳ አይደለም። ገበጣን አስቡት። ያው ጉድጓድ፣ ያው ጠጠር፣ ግን ሰፈር በተሻገራችሁ ቁጥር ሕጉ ይቀየራል። የታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 የኢትዮጵያንና የአካባቢዋን የገበጣ ዓይነቶች እየለቀመ የጻፈው ጥናት አለ፤ አጨዋወቱ በየአካባቢው እንዴት እንደሚለያይ ያሳያል። አዲስ ሰሌዳ የሚገዛ የለም። ሰሌዳው ይቆያል፣ ሕጉ ይታደሳል። "የጨረሳችሁትን ጌም ምን ትደጋግሙታላችሁ?" ለሚለን ሰው መልሴ ይሄ ነው፤ ገበጣን የጨረሰ ማን ነው?

የአክስቴ ልጅ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሲገባ ጨዋታው ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ወረደ። ሀረጎን በሚኒባስ እየተጠማዘዝን ስንወርድ ጃኬት ይወልቃል፤ ሁለቱ ከተሞች 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢራራቁም አየራቸው ሌላ ነው። ከሰው ሀርድ ዲስክ የተገለበጠ ኤሊየን አይሶሌሽን በአሮጌ ላፕቶፑ አገኘን። የ2014 (እ.ኤ.አ.) ጌም ነው። እዚህ አውሬው አይገደልም። የእሳት መርጫ ብታገኙ እንኳ ለጊዜው ታባርሩታላችሁ እንጂ አይሞትም። ቁም ሣጥን ውስጥ ተደብቆ ትንፋሽ መዋጥ ነው፤ ባጭሩ ድብብቆሽ። ሴቭ የሚደረገው ደግሞ በየቦታው በተተከሉ ማሽኖች ብቻ ነው። የላፕቶፑ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል፤ መብራት ከሄደ አንድ ሰዓት የተደበቃችሁበት ሁሉ ገደል ገባ። ወላሂ ከአውሬው ይልቅ መብራቱ ነበር የሚያስፈራን።

በፕሌይስቴሽን 4ና በኤክስቦክስ ዋን ጌሙ ክፍላችሁ ውስጥ ያለውን ድምፅ የሚሰማበት መንገድ አለ፤ ካስነጠሳችሁ አውሬው ይሰማል። የኛ ኮምፒውተር ያንን አያውቅም። ስለዚህ ሕግ አወጣሁ፤ ክፍሉ ውስጥ ድምፅ ከተሰማ ተጫዋቹ ከተደበቀበት ወጥቶ አምስት ድረስ ይቆጥራል። ባጃጅ ሲያልፍ ወጣን። አክስቴ ቡና ስትወቅጥማ አለቅን። ሙቀጫው ባረፈ ቁጥር ስንጮህ ብቅ ብላ "ኧረ በፈጠራችሁ! ማን ሞተ?" ትለናለች።

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ሁለቱንም ከተሞች አገኛቸው። እስከ ኅዳር መጨረሻ ድረስ በሌላ እጅ ቆዩ፤ መብራትም ስልክም አልነበረም። እኛ ወደ አዲስ አበባ ከወጡት ነን፤ እሱና አክስቴ ቀሩ። ስለዛ ወር ብዙ አልጽፍም፤ የእሱ ነውና። ፕሌይስቴሽን ቤቱ ስንመለስ ባዶ ክፍል ነበር።

ከዛ በኋላ ዴድ ስፔስን አልከፈተም። "እጅና እግር መቁረጥ አልፈልግም" አለኝ፣ አበቃ። ወራት ቆይቶ የከፈተው ፕሬይን ነው፤ አርኬን ኦስቲን እ.ኤ.አ. በ2017 የሠራውን። ጠፈር ላይ ያለች ታሎስ አንድ የምትባል ጣቢያ ናት። የስኒ ወይም የወንበር መልክ ይዘው የሚቀመጡ ፍጡሮች ወርረዋታል። ይሄ ጌም መንገዱን አይመርጥላችሁም። አረፋ የሚተፋ መሣሪያ አለ፤ አረፋው ግድግዳ ላይ ይደርቅና መሰላል ይሆናል። የልጆች መጫወቻ የመሰለ፣ ስፖንጅ የሚወረውር ቀስት አለ፤ ማንንም አይጎዳም፤ ግን በመስታወት ስንጥቅ አሾልካችሁ ወዲያ ያለውን ስክሪን ብትመቱበት በር ይከፍታል። ጣቢያዋን ሰብረው ከ10 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ የሚጨርሱ ሰዎች አሉ። ዓይን ውስጥ የሚወጉትን የችሎታ መርፌ አንዴም ሳይነኩ የሚጨርሱም አሉ፤ ጌሙ ለዚህ ማዕረግ ይሰጣል።

እሱ የመረጠው ሌላውን ማዕረግ ነው፤ አንድም ሰው ሳይገድሉ መጨረስ። የሚመስለውን ያህል ቀላል አይደለም። ጣቢያዋ ውስጥ ፍጡሩ አእምሯቸውን የያዘባቸው ሰዎች አሉ። "ሽሽ! አትቅረበኝ!" እያሉ እግራቸው ወደ እናንተ ይሮጣል፤ ከደረሱባችሁ ይፈነዳሉ። ጥይት ሦስት ሰከንድ ይፈጃል። እሱ ግን በማደንዘዣው መሣሪያ አንድ በአንድ ያስተኛቸዋል፤ ወይም እነሱን ጥሎ በጣሪያ ዞሮ የያዛቸውን ፍጡር ይገድልና ይለቃቸዋል። አንዴ አንድ ክፍል ውስጥ ላሉት ብቻ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ፈጀ።

ጌም አዳነው ብዬ አልጽፍም። እንደሱ ዓይነት ጽሑፍ አልወድም፤ እሱም ካነበበ ይስቅብኛል። የተጣላነው ግን በዚሁ ነው። አንድ ሰው ባመለጠው ቁጥር ወደ ሴቩ ይመለሳል። አሥር ጊዜም ይሁን ሃያ ጊዜ፣ ሁሉም እስኪተርፉ ድረስ። "ይሄማ ማዳን አይደለም" አልኩት። ሁልጊዜ መመለስ ከቻልክ ምርጫህ ምን ዋጋ አለው? ሕጌን አቀረብኩ፤ አትግደል፣ ግን ወደ ኋላም አትመለስ።

"አንቺ አልነበርሽም" አለኝ። ለሦስት ሳምንት አልተደዋወልንም።

በግንቦት 2024 (እ.ኤ.አ.) ማይክሮሶፍት አርኬን ኦስቲንን ዘጋው። ፕሬይን የሠራው ስቱዲዮ ስለሌለ ይኸው ያለን ጣቢያ ይኸው ነው። እሱም ዜናውን ሰምቶ ደወለ፤ ሌላ ነገር ሳይጨምር "ባንቺ ሕግ ልሞክረው፣ ነይ" አለ።

ቅዳሜ ወረድኩ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ማንም አልሞተበትም። ከዛ ሁለት ሰዎች በተለያየ አቅጣጫ መጡ። አንዱን አስተኛ፤ ሁለተኛዋ ግን መሣሪያው እስኪሞላ አልጠበቀችውም። በቋፍ አመለጠ፤ እሷ የለችም። እጁ ወደ ሴቩ ሄደ፣ ቆመ። እኔ ዝም አልኩ።

ታሎስ ላይ እያንዳንዱ ሠራተኛ ስም አለው። የጥበቃ ክፍሎቹ ኮምፒውተር ላይ የሁሉም ዝርዝር ይገኛል፤ ማን የት እንዳለ፣ ማን በሕይወት እንዳለ። እሱ ወደ በሩ መሄዱን ትቶ ወደ ኮምፒውተሩ ተመለሰ፤ ስሟን ፈልጎ አገኘው። ሞታለች ይላል። አነበበው፣ ዝርዝሩን ወደ ታች አንከባለለውና ገና በሕይወት ያሉትን መቁጠር ጀመረ።