ድንኳን አይፈቀድም

1
የሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ ፊሺንግ ብሪጅ በሚባለው ሰፈር ያለው የተጎታች ቤት ማረፊያ ድንኳን አይቀበልም። ግድግዳው ሸራ የሆነ ተጎታችም አይገባም። ምክንያቱ ግሪዝሊ ድብ ነው። የእኛ ተጎታች ግድግዳ በጣት ሲያንኳኩት እንደ ባዶ ጣሳ ይጮኻል። በደንቡ መሠረት ግን ጠንካራ ነው፤ ገባን።

2
ስሙ የዓሣ ማጥመጃ ድልድይ ነው። ከድልድዩ ላይ ዓሣ ማጥመድ ከ1973 ጀምሮ ክልክል ነው። (ዓመቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

3
ሰፈሩ የተቆረቆረው ግሪዝሊ ምግብ ፍለጋ ከሚመላለስባቸው ምርጥ ቦታዎች በአንዱ ላይ ነው። በኋላ ነገሩ ሲገባቸው፣ ሰዉን ከዚህ አንሥቶ ግራንት ቪሌጅ ወደሚባል አዲስ ሰፈር ለማዛወር ታቀደ። ግራንት ቪሌጅ ተሠራ። ከፊሺንግ ብሪጅ የድንኳኑ ቦታ ተነሣ፤ የተጎታቹ ቦታ ቀረ። ግራንት ቪሌጅ ያረፈበት መሬት ደግሞ ትራውት የሚባለው ዓሣ እንቁላል ለመጣል ሽቅብ የሚወጣባቸው ጅረቶች ያሉበት ነው። ያን ዓሣ ድብ ይወደዋል።

4
ውሃ፣ መብራትና የፍሳሽ መስመር ሦስቱንም አሟልቶ የሚሰጥ ማረፊያ በፓርኩ ውስጥ ይህ ብቻ ነው። «ከከተማው ግርግር ለመራቅ» የመጡ ሰዎች ከወራት በፊት ተሻምተው ያስያዙት ይህንኑ ነው።

5
የወንድሜ ሚስት መመሪያውን ጮክ ብላ አነበበችልን። ሽታ ያለው ነገር ሁሉ ደጅ አያድርም። ምግብ፣ ያልታጠበ ድስት፣ የውሻ ቀለብ፣ ሳሙና፣ የጥርስ ሳሙና።

«የጥርስ ሳሙናም ይበላል?» አሉ አክስቴ።

«ይበላል እትዬ።»

አክስቴ የጥርስ ሳሙናቸውን ከቦርሳ አውጥተው ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፉበት። ከዚያ ደጅ ወጥተው ቡና መቁላት ጀመሩ። ጭሱ እስከ መንገዱ ማዶ ደረሰ። ከኦሃዮ የመጣው ጎረቤታችን እጁን ኪሱ ከትቶ መጣና ሽታ ድብ እንደሚጠራ በትሕትና አስጠነቀቀን። አክስቴ ወንበር አቀረቡለት። አቦሉን ጠጣ። ሄደ። ለቶናው ሚስቱን ይዞ ተመለሰ።

6
የድብ ስፕሬይ የሚባለው ጣሳ ውስጡ በርበሬ ነው። ቃሪያን የሚያቃጥለው ነገር ተጨምቆ ነው የታሸገው። ዋጋው ወደ 50 ዶላር ይጠጋል። አክስቴ ዋጋውን ሲሰሙ ጣሳውን ገልብጠው አዩት፤ ስንት ኪሎ እንደሚይዝ የሚፈልጉ ይመስለኛል።

መታጠቅ ያለበት ወገብ ላይ ነው፤ ቦርሳ ውስጥ ያለ አይደርስም ይላሉ። በየመንገዱ ያየኋቸው አብዛኞቹ ጣሳውን የያዙት ቦርሳ ውስጥ ነው። አንዱ ማሸጊያ ላስቲኩን እንኳ አልቀደደውም። «ካልተጠቀምኩበት እመልሰዋለሁ» አለኝ።

እንደ ትንኝ መድኃኒት ድንኳናቸው ላይ የሚረጩትም አሉ። አይከላከልም። እንዲያውም ደርቆ የቀረው ሽታ ድብ ሲስብ ታይቷል። በርበሬ ሸሽቶ የሚሄድ እንግዳ አይተን ስለማናውቅ እኛን ይህ አልገረመንም።

7
አንዲት የፓርኩ ጠባቂ እግር መንገድ ስንገባ ድምፅ አሰሙ፣ ጮክ ብላችሁ አውሩ አለችን። ድብ ድንገት ሰው ሲያይ ነው የሚከፋው፤ ጫማ ላይ የሚንጠለጠለው ትንሽ ቃጭል አይበቃም። እኛ ቤተሰብ ጮክ ብሎ በማውራት በየሆቴሉና በየባቡሩ ሲገሠጽ የኖረ ነው። እዚህ «በጣም ጥሩ» ተባልን። ከዚያ በኋላ ግማሹን መንገድ ማንም የሚያወራው ጠፋው።

8
ከድብ፣ ከተኩላና ከፑማ 91 ሜትር መራቅ ግዴታ ነው። ከሌላው አውሬ 23 ሜትር።

ሃይደን ሸለቆ ውስጥ አንድ መኪና ቆመ። ከኋላው ያለውም ቆመ። ትንሽ ቆይቶ መንገዱ ተዘጋ። ምን እንዳለ የሚያውቅ የለም፤ ሰው ግን ይወርዳል። ጠዋት የተጎታቹ በር በድብ ይከፈት እንደሆን ሁለቴ የጠየቀኝ ሰው ካሜራውን ይዞ ከሁሉ ቀድሞ ሮጠ። ስፕሬዩ መኪናው ዳሽቦርድ ላይ ቀረ። አንዲት እናት ልጇን ትከሻዋ ላይ አውጥታ «እንዳትፈራ» ትለዋለች። ልጁ አልፈራም፤ ራቡን ነው የሚናገረው።

ማዶ ዳገቱ ላይ ቡናማ ነገር አለ። ተንቀሳቀሰ የሚል አለ፤ አልተንቀሳቀሰም የሚል አለ። ጠባቂው ቴሌስኮፑን አነጣጥሮ አየና «ድንጋይ ነው» አለ። ሰዉ ወዲያው አልተበተነም። ድንጋዩን ፎቶ ያነሡ ነበሩ።

9
በየሎውስቶን ከማንኛውም አውሬ ይልቅ ብዙ ሰው የጎዳው የአሜሪካ ጎሽ ነው። ከሰው ሦስት እጥፍ ይሮጣል። ማስጠንቀቂያው በየሄዱበት ተለጥፏል። ድብ ፈርቶ ተጎታች የተከራየ ሰው ከጎሹ አጠገብ ቆሞ ፀጉሩን ያበጥራል። ሣር በል መሆኑ ሳያሳስተው አልቀረም።

10
ድብ መቀለብ ከ1902 ጀምሮ ክልክል ነበር። ክልክል ሆኖ ሳለ ሰው በመኪና መስኮት እስከ 1970 አካባቢ ይቀልብ ነበር። ፓርኩ ራሱ ድቦች ቆሻሻ ሲበሉ ሰው ቁጭ ብሎ እንዲያይ የእንጨት መቀመጫ ደርድሮ ነበር፤ ጠባቂም ፈረስ ላይ ሆኖ ማብራሪያ ይሰጥ ነበር። በኋላ የቆሻሻ ጉድጓዶቹ ተዘጉ። ፍራንክና ጆን ክሬግሄድ የተባሉት ወንድማማች ተመራማሪዎች ቀስ በቀስ ይዘጉ ብለው ነበር፤ አልተሰሙም። ቆሻሻ የለመዱት ድቦች ወደ ሰው ሰፈር መጡ። ብዙዎቹ ተገደሉ። በ1975 ግሪዝሊ በሕግ ጥበቃ ሥር ገባ።

ወንድሜ ይህን ሲሰማ «ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው አውሬ የሚቀልቡት!» አለ።

«ሐረር ጅብ እናበላ የለም እንዴ?» አሉ አጎታችን።

«ያ ሌላ ነው ጋሼ።»

እንዴት ሌላ እንደሆነ አልተናገረም። አጎታችንም አልጠየቁ።

11
ዮጊ የሚባለው የካርቱን ድብ ከ1958 ጀምሮ ሥራው የሽርሽር ሰው ምሳ መስረቅ ነው። በስሙ የሚጠሩ የካምፕ ማረፊያዎች በአሜሪካ በየቦታው አሉ። ልጆች እያቀፉት ፎቶ ይነሣሉ።

12
ዌስት የሎውስቶን ከተማ ያለው የግሪዝሊ ማዕከል ውስጥ የምግብ ማቀዝቀዣ ሣጥኖችንና የቆሻሻ በርሜሎችን የሚፈትኑት ድቦች ናቸው። ሣጥኑ ውስጥ ምግብ ይደረጋል፣ ለ60 ደቂቃ ይሰጣቸዋል፤ ካልከፈቱት አለፈ ይባላል። ከፈታኞቹ መካከል የሰው ምግብ በመልመዳቸው ከዱር የተባረሩ አሉ። በልምዳቸው ተቀጠሩ ማለት ነው።

የኦሃዮው ጎረቤታችን ሣጥን ፈተናውን አልፏል፤ ምልክቱ ተለጥፎበታል። የሚሠራው ግን በጓጉንቸር ሲቆለፍ ነው። ጓጉንቸር የለውም።

«ለብቻው ነው የሚሸጠው» አለ። ደጅ አሳደረው።

13
ማታ በዚሁ ሰው ተጎታች ውስጥ መጋረጃው ወርዶ ቴሌቪዥን ይታያል። ስለ አላስካ ድቦች የተሠራ ፊልም ነው። ልጆቻችን ገብተው እንዲያዩ ጋበዛቸው። ከመጣን ወዲህ እንደዚያ ቀን ዝም ብለው አያውቁም።

14
በመውጫችን ዕለት አክስቴ አዲስ አበባ ደወሉ። «ድብ አየሁ» ይላሉ፤ «አቤት ግዝፈቱ! መንገዱን ዘግቶ ቆመ።»

ስልኩን ሲዘጉ ወንድሜ «እትዬ፣ እርስዎ ያዩት እኮ ጎሽ ነው» አላቸው።

«ጎሽማ እዚያም አለ» አሉ። «ጎሽ ለማየት አሜሪካ ሄደች ልባል?»